ፊርማዬን ሲጠብቅ

ሙነወር የፈታኝ ፊርማዬን ስለከለከልኩት ነው። ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ካለ ደክሞ ይቀራል። አልሰረቅኩትም፣ አልወሰለትኩበትም። እናቱን እማ ሲቲን እንኳ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አልመለስኩላትም። እሷ ግን በየወሩ አበባዬ መጥቶ ሶላት ማቆሜን ባየች ቁጥር «ይሄም ወር ባዶ ነው?» እያለች አሥራ አንድ ዓመት ስትወጋኝ ኖራለች።

ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን የተሠራው እኔ ጅዳ የሰው ቤት ስወለውል ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ካርታው ግን ባልና ሚስት ነንና በሁለታችን ስም ወጣ። ሙነወር ያንን ካርታ አስይዞ ተበደረና ሚኒባስ ገዛ። ያን ጊዜ ሳልጠይቅ ፈርሜለታለሁ። ሚኒባሱ ከሐይቅ ደሴ ሲመላለስ ውሎ ሲያድር ገቢው የት እንደሚገባ ሳላይ ጎማው አለቀ፣ ሞተሩ ወረደ፣ የብድሩ ክፍያ ተጠራቀመ። መክፈያው ቀን ሲደርስ «ወለድ እኮ ሀራም ነው» ብሎ ይሰብከኛል፤ ሲበደር ግን ይህ ኪታብ አልታየውም። በመጨረሻ አበዳሪው ድርጅት ካልከፈላችሁ ቤቱን በሐራጅ እሸጠዋለሁ አለን።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰውዬው ምን አማረው? አይሱዙ። የቀረውን ዕዳ እንደምንም ዘግተን፣ ያንኑ ካርታ እንደገና አስይዘን፣ ዕጥፉን ተበድረን የጭነት መኪና እንግዛ አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። አልፈርምም አልኩት። እናቱና ጎረቤት በተቀመጡበት ብድግ ብሎ «እንግዲያውስ ፈትቼሻለሁ» አለ።

ሊያስፈራራኝ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ፊርማዬን በእጄ ይዤ እንድመጣለት ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ጊዜ የተፈታች ሴት ወዲያው አትወጣም። ሼሆቹ ዒዳ የሚሉት መቆያ አላት፤ እዚያው ቤት ትቀመጣለች። መቆያዋ ሳያልቅ ባልዬው በምስክር ፊት «መልሻታለሁ» ካለ ተመልሳ ሚስቱ ናት፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። ካለቀ በኋላ ግን ባዕድ ነው። ቢፈልጋት እንደ ማንኛውም ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ስትለው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ቀን እሺ የሚባል ቃል ለዚህ ሰው ላይወጣኝ ምዬ ነበር። የቀረኝ መቆያዬ እስኪያልቅ አፉን እንዳይከፍት መጸለይ ነው።

ቤቱን ለሁለት ከፈልነው። ሳሎኑን እሱ ያዘ፣ መኝታ ቤቱንና ጓዳውን እኔ። እሱ ጠዋት ጠዋት የሚኒባሱን ኋላ ወደ መስኮቴ አዙሮ ሞተሩን ያሞቃል፤ ጭሱ አልጋዬ ድረስ ይገባል። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ነው የምሸጠው። ማታ ስመለስ ቆሮሶ ዓሣ ያጠብኩበትን ውሃ ሚኒባሱ ከሚቆምበት ሥር እደፋዋለሁ። ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ደሴ እንደሚደርስ ስሰማ፣ ወላሂ፣ እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር። እሱ የሽንት ቤቱን አምፖል ነቀለ። እኔ የቧንቧውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አሰርኩ።

በአንድ ነገር ብቻ ሳንነጋገር ተስማማን። ዕዳው መዘጋት አለበት። ሐራጅ ከመጣ ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን። ወንዱ የሚባለው የድርጅቱ ሠራተኛ ለየብቻ አስረድቶናል፦ መጀመሪያ የተጠራቀመው ይከፈል፣ ከዚያ ዋናው ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ካርታችሁን እንደገና ማስያዝ ትችላላችሁ፤ ሰፈር ውስጥም የማንም ዱቤ አይኑርባችሁ፤ እንጠይቃለን። እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ፍቺዬ ሲጸና ቤቱን በስሜ ብቻ አስይዤ፣ ድርሻውን ወርውሬለት፣ በሬን መዝጋት። እሱ ለአይሱዙ ይከፍላል፤ እኔ እሱን ላለማየት እከፍላለሁ።

የጅዳ አምባሬን ሸጥኩ። የጎረቤቴን የኡሙሀኒን ሱቅ ዱቤ ጨረስኩላት። እሱም ጫቱን ቀነሰ ተባለ፤ እኔ በዓይኔ አላየሁም። አንዳንዴ በአበዳሪው መስኮት ላይ እንገናኛለን። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የከፈለውን ይናገራል፤ እኔ የኔ ደረሰኝ በስሜ ይጻፍ እላለሁ። ወንዱ ክርስቲያን ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እየቆየ ግን ሙነወር ከኔ አብልጦ መክፈል ጀመረ፤ ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ኡሙሀኒ ናት። ባሏ መናኸሪያ ነው የሚውለው። ሙነወር እዚያ ቁጭ ብሎ እንዲህ ይላል አለችኝ፦ «አሁን ብመልሳት ትጠግባለች። ሦስት ወሯ ሊሞላ ሲል፣ ስትንቀጠቀጥ እመልሳታለሁ። ያኔ ፈርሚ ስላት ትፈርማለች።»

ሦስት ወር። ይሄን ለመጠየቅ ሼህ ዘንድ መሄድ አፍሮ ከሾፌር ተማረው። ወር የሚቆጠረው ደሟ ለደረቀ ሴት ነው። እንደኔ ደሟን ገና ለምታይ ሴት፣ እኛ ዘንድ እንደሚፈረደው፣ ሦስት ጊዜ አይታ፣ ሦስተኛውን ጠርታ ስትታጠብ መቆያዋ ያልቃል። እሱ ደግሞ የፈታኝ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ነው፤ የኔም ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ነው። የሱ ሦስት ወር ሳይደርስ የኔ ጊዜ አልፎ ይሄዳል።

ሼህ ካሊድ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። «በዚህ ነገር ቃሉ የሴቲቱ ነው» አሉኝ። «ግና በማህፀንሽ ያለውን መደበቅ አይፈቀድም። ኸጠየቀሽ እውነቱን ንገሪው።»

እሺ አልኳቸው። ከጠየቀኝ ልነግረው ቆረጥኩ። ካልጠየቀኝ ግን አዛን እንደሚል ሙአዚን ሰገነት ላይ ወጥቼ ላሰማው ነው?

እነዚያን ሳምንታት በፍርሃት ነው የኖርኩት፤ አልደብቅም። ሳይነቃ ወጥቼ ሐይቁ ዳር እውላለሁ። ሰው አስከትሎ ሲገባ ጓዳ እደበቃለሁ፤ ሁለት ምስክርና አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጫት ሲመለስ ሁለት ሰዎች ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ስሜን ጠራ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። አለቀልኝ ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። «የመብራቱን ድርሻሽን አምጪ» አለ። ብሩን ስሰጠው እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አይቶ ፈገግ አለ። እሱ የፈራሁት ሳይመልሰኝ ይቀራል ብዬ መሰለው።

ሦስተኛው መጣ፤ ጠራሁ፤ ታጠብኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ አለቀስኩ። ከዚያ ሰግጄ ፍራሼን ተሸክሜ ኡሙሀኒ ቤት ማደር ጀመርኩ። ቀን ዕቃ ለመውሰድ ግቢው ስገባ እንደ ባዕድ ፊት ተሸፋፍኜ ነው የማልፈው። እሱ ሳሎኑ በር ላይ ተቀምጦ «ለማን ነው እንዲህ የምትሸፋፈኚው?» እያለ ይስቃል። መልሱ ከፊቱ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ከልቡ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ አላህ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ሚኒባሱን ሸጠው። የቀረውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ዘግቶ አይሱዙውን ሊያመጣ ነው። ያኔ ልትነግሪው ይገባሽ ነበር የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይበል። እሱ መናኸሪያ ላይ የኔን መንቀጥቀጥ ቀጠሮ ይዞ ሲያወራ ለኔ መች ነገረኝ?

ወንዱ ሁለታችንም እንድንገኝ ቀጠረን። ሙነወር የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት የመናኸሪያ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። አንደኛው ሸበቶ ነው፣ ጠሃ ይባላል። ሙነወር ገንዘቡን በመስኮቱ አስገባ። ተቆጠረ። ወንዱ ብድሩ መዘጋቱን ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ቤቱ ከእገዳ ነፃ ነው አለን። አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ይመስል ሰውነቴን አሞቀኝ።

ሙነወር ጊዜ አላጠፋም። ወንዱን አዲሱን ቅጽ አምጣ፣ ባለቤቴ ትፈርማለች አለው። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ስሙኝ፤ ሚስቴን መስኡዳን መልሻታለሁ።»

ወጣቱ ጓደኛው ማሻአላህ አለ። ምስኪኑ ወንዱ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋው። ሙነወር ፊቴን እያየ ነው፤ መንቀጥቀጤን ይጠብቃል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። «ሦስተኛዬን አይቼ ጠርቻለሁ። መቆያዬ ካለቀ ከርሟል። አንተ ለኔ ባዕድ ነህ።»

ሳቀ። ገና ሳምንት ይቀራታል አለ፣ እኔን ሳይሆን ጓደኞቹን። ማንም አብሮት አልሳቀም። ሸበቶው ጠሃ መሬት መሬት እያየ፣ ነገሩ እሷ እንዳለችው ነው፣ ወር የሚቆጠረው ለሌላ ሴት ነው፣ የራሱም እህት ስትፈታ እንዲሁ ነበር አለው። ቃሉም የሷ ነው አለው። የሙነወር ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። ትዋሻለች አለ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደህ ክሰሳት አለው ጠሃ፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረለትም።

ሙነወር የተከፈለበትን መስኮት አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ድምፁ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተህ፣ ስሰግድ እያየህ፣ ሳልሰግድ እያየህ፣ የኔን ጊዜ ከሾፌር ጠየቅህ። እናትህ በየወሩ ታውቀው ነበር። እሷን እንኳ ብትጠይቃት ኖሮ አትሸነፍም ነበር።»

የዒድ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለ። ደስ አለኝ። ሰው ሲዋረድ ደስ ማለት ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እስከ ጥፍሬ ድረስ ደስ አለኝ።

ከሰሰኝ። ቃዲው ፊት ማልኩ፤ ኡሙሀኒ ዘንድ ያደርኩበትን ምክንያት ተናገርኩ፤ እሷም መሰከረች። ፍቺው ጸና። የሚኒባሱን ገንዘብ ትመልስልኝ ብሎ ነበር፤ ሚኒባሱም ዕዳውም በትዳር ላይ የመጣ ነው፣ ዕዳው በዕቃው ተከፈለ ተባለ። ቤቱ ግን ካርታው ላይ ሁለት ስም አለና የግምቱን ግማሽ ክፈይው አሉኝ። በጅዳ ክንዴ ለተሠራ ቤት ግማሽ ለሱ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ካርታው በስሜ ብቻ ሲዞር ወንዱ ዘንድ ተመለስኩና እንደገና አስያዝኩት። ቅጹ ላይ የትዳር ጓደኛ ፊርማ የሚል ቦታ አለ። ወንዱ እዚያ ላይ ሰረዝ አሰመረበት። የተሰጠኝን ብድር እንዳለ ለሙነወር ቆጥሬ አስረከብኩት። አይሱዙ የሚገዛ ገንዘብ አይደለም፤ ሚኒባሱም የለም። አሁን በሰው መኪና ላይ ሾፌር ነው። እማ ሲቲ በየደረሰችበት ቤቴን በአፏ ታፈርሰዋለች።

የኔ ዕዳ ረጅም ነው። ዓሣው ያነሰ ቀን፣ ዘይት የተወደደ ቀን፣ ዳግም ሐራጅ የሚለውን ቃል በሕልሜ እሰማለሁ። ምናልባት አርጅቼም ስከፍል እገኝ ይሆናል። ይሁን። ካቃተኝ ቤቱን ይወስዱታል እንጂ እኔን ተነስቶ «መልሻታለሁ» የሚለኝ የለም።