ማንም የማይደርስበት

አናጢው የዋንጫውን ቁምሳጥን ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ጋር እያያዘ ሳለ የሟች እናት ከተጠበቁበት ሰዓት ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው ትንሹ ልጃቸው ተከትሏል፤ ሥጋ ሻጭ ነው፣ አንገቱ የት አልቆ ትከሻው የት እንደሚጀምር የማይታወቅ። እናትየው አንድ ፌስታል ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። አናጢው ውስጡ ያለውን ሳያይ አወቀው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ አብረው የተማሩት ሁሉ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ለሟቹ መታሰቢያ ሊሰበሰቡ ነው። ሲደበደብ አንድም ያልነበረለት ልጅ ሲታሰብ ጓደኛው መቶ ሆኗል። ሽውታ ነበር የሚሉት። መቶ ሜትር ሲሮጥ ሁለተኛ የሚወጣው ልጅ ጀርባውን እንኳ በደንብ አያይም ነበር። አናጢው ደግሞ ያኔ ድንቹ ይባላል፤ የወፍራም ልጅ ስም ነው። ከድንቹ ጋር የተወዳደረ ኤሊ መንገድ ላይ አንድ እንቅልፍ ተኝቶም ያሸንፋል እያሉ ይስቁበት ነበር። ሽውታ ብቻ አይስቅበትም፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄዱ እርምጃውን ለእሱ ብሎ ይቀንስ ነበር።

"እጅህ ይባረክ ልጄ" አሉ እናትየው ሳንቃውን እየዳሰሱ። ከዚያ ባገኙት ቁጥር የሚጠይቁትን ጠየቁት። "አንተ አብረኸው ነበርክ። ማንም የማይደርስበትን ልጅ እንዴት ደረሱበት?"

"ብዙ ነበሩ እማማ።"

"ብዙ መሆን ሰውን ፈጣን አያደርገውም።"

የሽውታን የኳስ ማልያ ከፌስታሉ አውጥተው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቁምሳጥኑ ውስጥ የሚሰቀለው እሱ ነው። ታጥቦ አያውቅም፤ ደሙ ደርቆ ጨርቁን እንደ ካርቶን አድርቆታል። ኮሌታው ከኋላ በኩል እስከ ትከሻው ተተርትሯል።

"ዱላው በኋላ ነው የመጣው" አሉ ቀዳዳውን በጣታቸው እየነኩ። "ልጄን የገደለው ይሄን የያዘው እጅ ነው።"

"የእጁ ባለቤት ይመጣልሻላ" አለ ሥጋ ሻጩ። "ዳይሬክተሩ በረኛውን ታረቁ ብሎ ጠርቶታል። ይምጣ። አንድ ዓይን ቀርታዋለች።"

"አንተ ልጅ፣ ዛሬን ተወኝ።"

"አንቺ ዝም በይ እማዬ።" ጃኬቱን ሲያስተካክል የሱቁ ቢላዋ ቀበቶው ላይ ተሰክቶ ታየ።

በረኛው የተጋጣሚው ትምህርት ቤት ግብ ጠባቂ ነበር፤ ክንደ ረጅም። ሽውታ የተቀበረ ዕለት እናትየው ድንቹን በሁለት እጃቸው ይዘው "ኮሌታውን የያዘው ያ ረጅሙ በረኛ ነው አይደል?" ብለውት ነበር። ድንቹም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ራስን መነቅነቅ። ዓመት ሳይሞላ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የዛሬው ሥጋ ሻጭ፣ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በረኛውን ጥግ ላይ ጠብቆ በተሰበረ ጠርሙስ ግራ ዓይኑን አፈሰሰው። አምስት ዓመት ታሰረበት። ድንቹ እስር ቤት ድረስ ዳቦ ያመላልስለት ነበር። እንዲህ ዓይነት ደግነት ከስድብ ይብሳል።

እውነቱ ሌላ ነው። የኳስ ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ፤ ሁለቱንም ያገባው ሽውታ ነበር። በረኛው ግብ ብረቱ ሥር ቁጭ ብሎ በጓንቱ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ፣ የእሱ ደጋፊዎች የሜዳውን አጥር እየነቀሉ ዱላ አደረጉት። ሁለቱ ጓደኛሞች ከሜዳው ጀርባ በግንብ ሥር ባለው ጠባብ መንገድ ሮጡ። ሽውታ ወዲያው ራቀ። አንድ ድንጋይ የድንቹን ጀርባ መታው፣ ሌላው ጆሮውን ተረተረው። "ጥለኸኝ አትሂድ!" ብሎ ጮኸ። ሽውታም ሰማውና እንደ ልማዱ እርምጃውን ቀነሰለት።

ድንቹ ደረሰበት። ኮሌታውን ጨበጠና ባለ በሌለ ክብደቱ ወደ ኋላ ሳበው። ፈርቼ ነው ይበል እንጂ ለራሱ አይዋሽም፤ የሚደበድቡት ከኋላ የቀረውን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ጨርቁ ተቀደደ፣ ሽውታ በጀርባው ወደቀ፣ ድንቹ ሆዱን ረግጦት አለፈ።

የቆመ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ተኛ። ከዚያ የሚታየው እግር ብቻ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱን መቱት፤ ዓመቱን ሙሉ ሲፈሩት የኖሩት እሱን ነዋ። አጥንቱ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚጮኸው ጮኸ። አንዱ ጫማውን አንስቶ ጥርሱ ላይ አሳረፈ፣ ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ አሳረፈ። የሽውታ ጉንጭ አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ ዓይኖቹ ከድንቹ ዓይኖች ጋር ተገጣጠሙ። ሊጠራኝ ነው፣ አለቀልኝ አለ ድንቹ። ሽውታ ግን አልጠራውም። የሚደበድቡት ሰዎች ዓይኑን ተከትለው እንዳያዩ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እንዳዞረ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እዚህ የተወጋው አፈር ሆኗል፤ ያልረሳው ወጊው ነው።

በመስኮቱ አንድ ረጅም ሰው በግቢው በር ሲገባ ታየ። አበባ ይዟል፤ በአንድ ዓይኑ ለማየት አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን መዞ ወደ በሩ ተራመደ። አናጢው ቀድሞት በሩ ላይ ቆመ።

"ዞር በል ድንቹ።"

"እኔ ነኝ" አለ አናጢው። "ኮሌታውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በረኛው ከሜዳው አልወጣም። ወንድምህ ጠብቆኝ ነበር፤ ጎትቼ ጣልኩትና ረግጬው አለፍኩ።" ቀሪውንም ተናገረ፤ መኪናውን፣ ጫማውን፣ ሽውታ ፊቱን ማዞሩን። ምንም አላስቀረም።

"ታዲያ የሰውየው ዓይን..." አለ ሥጋ ሻጩ። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዶሻ አነሳ።

"በየትኛው እጅህ ነው?" አሉ እናትየው ቀስ ብለው።

አናጢው ቀኙን አሳየ። እናትየው የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ያንን ፊት ያውቁታል። "ሩጥ!" አሉት። "ሩጥ አንተ ልጅ፣ ይገድልሃል! ደግሞ ለእስር ቤት የምሰጠው ልጅ የለኝም።"

አልሮጠም። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ቀኝ እጁን ሳንቃው ላይ ዘረጋ።

የመጀመሪያው ምት ሁለት ጣት ሰበረ። ሁለተኛው መሐል እጁ ላይ አርፎ ደሙ የቁምሳጥኑ መስታወት ላይ ተረጨ፤ አናጢው ጮኸ፣ እጁን ግን አላነሳም። ሦስተኛው ሳንቃውን መታ፤ ሥጋ ሻጩ ክንዱ ከድቶት ነበር። መሬት ላይ ተዘርፍጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እናትየው ማልያውን ከጠረጴዛው አነሱ።

"ይርገሙኝ እማማ" አለ አናጢው በተንበረከከበት።

"ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ስረግም ኖርኩ" አሉት። "እርግማኔን እዚያ ጨረስኩት፤ ላንተ የተረፈኝ የለም።" ከበሩ ደርሰው ዞር አሉ። "ፊቱን ወዴት አዞረ ነው ያልከኝ?"

"ወደ ግንቡ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። አናጢው የተሰበረ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ በመስኮቱ አያቸው። ቀስ እያሉ ግቢውን አቋርጠው ወደ ረጅሙ ሰውዬ ሄዱ። በረኛው ቀና ሲል እናትየውን አያቸው፤ እጃቸው ላይ ያለውን ማልያም አየ። አበባውን ጣለና የቀረችውን ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።