አብረን የሠራናት መኪና

ጥሩምባ እያለቀሰ ነው። ማልቀስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ደረቱን እየደቃ፣ በየመሀሉ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ማን እንዳየው እያረጋገጠ ነው የሚያለቅሰው።

«ወንድሜ! የልጅነት ወንድሜ! አብረን የሠራናት መኪና እዚህ ቆማ አንተ ጥለኸን የት ሄድክ!»

ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን መጠጡ። ከወጥ ቤቱ በር ፔርሙዝና የስኒ ትሪ ይዛ ብቅ ያለችው የሟች ልጅ ግን እንባዋ እዚያው ደረቀ። ወደ ግቢው ጥግ አየች። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆማለች። «አብረን የሠራናት» የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

ሰፈሩ ሁሉ አስራ ሦስት ይላታል። በልጅነቷ አባቷ ከመኪና ሥር ተኝቶ «ቁልፍ!» ሲል የምታቀብለው ሁልጊዜ አስራ ሦስት ቁጥሩን ነበር፤ አስር ቢል አስራ ሦስት፣ አስራ ሰባት ቢል አስራ ሦስት። አሁን የመኪና ወንበርና የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የራሷ ሱቅ አላት፣ ግብር ትከፍላለች፤ ቅጽል ስሟ ግን አልለቀቃትም። ጥሩምባም ጥሩምባ የተባለው በድምፁ ነው። በልጅነቱ ሹክ ሲል እንኳ ከሦስት ቤት ይሰማ ነበር አሉ። ኋላ የተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ ኃላፊ ሆነና ድምፁ ሥልጣን አገኘ። አሁን ጡረታ ወጥቶ የጥንታዊ መኪና ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው።

«አስራ ሦስትዬ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ» አላት እንባውን ባንዴ አቁሞ። ከኮቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አወጣ። የእሱ ስም ከላይ በትልቁ ተቀርጿል፤ የአባቷ ከሥር፣ በትንሹ። «ማኅበራችን በሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ መሪው ጋ የምትለጠፍ ናት። ንድፉ ከዚህ» አለ ግንባሩን ነካ አድርጎ፣ «እጁ ከሱ። አይደለም እንዴ?»

«እርስዎ ካሉ ጋሼ» አለችና ቡናውን ቀዳችለት። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ይሄ ራሷንም ገረማት።

አባቷ የሞተው አልጋው ላይ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ሰዉ ሁሉ ከመኪናዋ ሥር እንደሞተ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እንደዚያ ቢሆን ደስ ስለሚለው ይሆናል። ላሜራ ሠሪ ነበር። እሱና ጥሩምባ ጎረምሶች ሳሉ የሚሠሩበት ጋራዥ አንድ ቀን ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ገባች። ቁመቷ ከሰው ወገብ አያልፍም፤ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ነው። ባለቤቷ ዕቃ እስኪመጣ ትቷት ሄደ። ሁለቱ ልጆች እሷን የምትመስል ለመሥራት ከሥራ በኋላ እየቀሩ በሲባጎ ለኳት። ጥሩምባ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ያዘ። ከዚህች መኪና ጋር የነበረው ሥራ ይሄው ነው፤ ወዲያው ቢሮ ተቀጠረና ከረቫት አሰረ።

አባቷ ግን ቀጠለ። ከእንጨት ቅርጿን አወጣ፣ አሉሚኒየሙን በጠፍጣፋው እየገዛ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አጋድሞ በእንጨት መዶሻ ቀጠቀጠ። ሞተርና ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ከተጣለች ትንሽ መኪና አወጣ። ጭራዋን ሦስት ጊዜ ሠራት። መጀመሪያ ዝንፍ አለች። ሁለተኛዋን ሁሉም አደነቀ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ዳበሳትና «እዚህ ጋ ትንሽ ታኮርፋለች» ብሎ ቆረጣት። ሦስተኛዋን ሲጨርስ እናቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ እጇን ይዞ አስዳበሳት። እናቷ ይህን ስትናገር እስከዛሬ ትናደዳለች።

ከዚያ ለምርመራ ወሰዳት። አስራ ሦስት ጎኑ ተቀምጣ ነበር፣ ራሷ በሰፋችው ወንበር ላይ። ጥሩምባ ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣ። መኪናዋን ዞራት። ቆሞ አያት፤ በጣም ብዙ አያት። ከዚያ በጣቱ አንጓ ኮፈኗን ኳ ኳ አደረገና፣

«ይሄ መኪና ነው ድስት?» አለ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ? ጥሩምባ ሳቁን ካየ በኋላ ጨመረበት፤ «ወስደህ ሽሮ ሥራባት። በቤት የተጠፈጠፈ ነገር መንገድ ላይ አይወጣም።» ቁልፉን እንኳ አልጠየቀም፤ ሳይነዳት ጣላት። አባቷ ያን ቀን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ደኅና ዋሉ።» ለልጅነት ጓደኛው፣ በአንቱታ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም። እሱ ግን ዘይቷን በወቅቱ ይለውጣል፣ ፍሬኗን ያጠብቃል፣ ካርቡሬተሯን እየፈታ ያጥባል። ያልሄደችበትን መንገድ አቧራ ይጠርግላታል። እሑድ እሑድ ያስነሳና ከግንቡ እስከ በሩ ነድቷት፣ ከበሩ እስከ ግንቡ ይመልሳታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ረስቶ ከሆነ እንኳ ልጁ እያንዳንዱን እሑድ ይዛለታለች።

«ታርጋ አውጥቶላታል» አለች እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለቅሶው በሚነሳበት ቀን ራሱ ነድቶ ለኤግዚቢሽኑ ሊያወጣት ነው። እሺ ብዬዋለሁ።»

«እማዬ! ማን ሆነና ነው የሚያወጣት? የከለከላት እሱ አይደለም?»

«ነው። ግን መንገድ ትውጣለት። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው እሱን ነው።»

«በሱ ስም? በዚያ የነሐስ ሰሌዳ?»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች እናቷ ስኒ እያለቀለቀች። «ተይው ልጄ። እኔ ደክሞኛል።»

አስራ ሦስት የታጠቡትን ስኒዎች ትሪው ላይ ደረደረች። እናቷ እሺ ያለች መሰላት። እሷ ግን የማርሹን ነገር እያሰበች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ እንዲገባ አባቷ ካምቢዮውን ከነበረበት አዙሮ መግጠም ነበረበት። ገጠመው፤ ሠራም። የማርሹ ዘንግ ግን በሌላ በኩል ስለመጣ ቦታው ሁሉ ተገለበጠ። ሌላ መኪና ላይ አንደኛ ማርሽ በሚገባበት ቦታ፣ እዚህች ላይ የሚገባው የኋላ ማርሽ ነው። የማርሹ እጀታ ላይ የተጻፈ ቁጥር የለም። ማስተካከያው የአንድ እሑድ ሥራ ነበር። ከምርመራው በፊት ሊያስተካክለው ብረቱን ሁሉ ቆርጦ ነበር፤ ከምርመራው በኋላ ብረቱን ጣለው።

«ለምን አትጨርሰውም?» ብላው ነበር።

«ይቆይ። ያን ቀን ለምን እንዳልነዳት ታውቂያለሽ? ስለፈለጋት ነው። ጥሩምባ የፈለገውን ነገር መጀመሪያ ያራክሰዋል፣ ቀጥሎ ሊወስደው ይመጣል። አንድ ቀን ሊነዳት ይመጣል። ያኔ እኔና አንቺ እዚህ ጎን ለጎን ቆመን እናየዋለን።» ይህን ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስለዚያ ሰውዬ ክፉ ሲያወራ የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰውዬው መጥቷል። አባቷ ሳይቆይለት ቀረ እንጂ የተናገረው ሁሉ ደርሷል። አስራ ሦስት በለቅሶው ቀናት ሁሉ ጥሩምባን እንደ ልጁ አስተናገደችው። ወንበር አቀረበችለት፣ ቡናውን ቀድማ ሰጠችው፣ ስለ መኪናዋ ሲያወራ «እውነትዎን ነው ጋሼ» አለችው። እሱም ባወራ ቁጥር አደገለት። ሲባጎ የያዘው ልጅ መጀመሪያ አማካሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ነዳፊ፤ በመጨረሻ ካምቢዮውን ሳይቀር በገዛ እጁ የገጠመ እሱ ሆኖ አረፈው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሷ ይህን በሰማች ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ፈገግ አለች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከመኪናዋ ኋላ የነበሩትን ወንበሮች «ፀሐይ ይነካችኋል» ብላ አስነሳች። ሰው እንዲጎዳ አልፈለገችም። ከጭራዋ እስከ ግንቡ ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኗ ለካች፤ ይበቃል። ትንሽ ወደኋላ ትንፏቀቃለች፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሰው ይስቃል፣ በቃ። ልብሱን በሰው ፊት እንደ ማውለቅ ነው፤ ከዚህ በላይ አልተመኘችም። ከዚህ በታችም አልተመኘችም።

ጥሩምባ የቆዳ ጓንት አድርጎ መጣ። ሸራውን ራሱ ገፈፈ። የወተት ቀለም ያላት መኪና ፀሐይ ላይ ስትወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ቀለሟን የቀባት የአባቷ የሥራ ባልደረባ ወደ አስራ ሦስት ጠጋ አለ።

«ማርሹን ነገርሽው?» አላት በሹክሹክታ።

«አብሮ ሠርቷት የለ እንዴ?»

ቀለም ቀቢው አያት። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠረገና ከመኪናዋ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ጥሩምባ ሞተሩን አስነሣ። ወዲያው ተነሣች፤ ለምን አትነሣ፣ እንደዚያ ተይዛ! «ድምጿን ስሙልኝ! ይሄንን ድምፅ ያወጣሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ነዳጁን ደጋግሞ ረገጠ። ማርሹን እንደ ለመደው አስገባ። አንድ እጁን ለሕዝቡ አውለበለበ። ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀው።

መኪናዋ ወደኋላ ተወረወረች። እሱ ደንግጦ ፍሬን መስሎት ነዳጁን የባሰ ረገጠ። ግንቡ ጋ ስትደርስ የተሰማው ድምፅ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። ጓንት ያደረገች እጁ ገና እንደተዘረጋች ነበረች።

አንዲት ጎረቤት ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ከሰው ሰው ተላለፈ፤ በለቅሶ ቤት፣ በጥቁር ልብስ፣ አፍ በእጅ ተይዞ።

«ማርሹ... ማርሹ ተበላሽቷል!» አለ ጥሩምባ።

«ምንም አልሆነም» አለ ቀለም ቀቢው። «እሷ የተሠራችው እንደዚያ ነው። ካምቢዮውን የገጠምከው አንተ አልነበርክ?»

ያን ጊዜ ያልገባቸውም ገባቸው። ሳቁ ቆመ። ጥሩምባ አፉን ከፈተ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አልወጣውም። ከመኪናዋ ወርዶ በሰዉ መሀል አልፎ ከግቢ ወጣ። እግዜር ያጽናችሁ እንኳ ሳይል።

አስራ ሦስት ደስ አላት። ደስ አላት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆዷ ውስጥ የከረመው ነገር ሁሉ በሳቅ ወጣ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እየሳቀችም አባቷ ሲስቅ ለማየት ወደ ጎኗ ዞረች።

ጎኗ ማንም አልነበረም።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልሞተም ነበር። ለቅሶውን ስታስተናግድ፣ ቡና ስትቀዳ፣ ስታሴር፣ ሁሉንም ለእሱ የምታወራለት ይመስል አጠራቅማ ይዛለት ነበር። አሁን የምታወራለት ሰው የለም።

ቀስ ብላ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደች። ጭራዋ ወደ ውስጥ ገብታለች። ያች በዳበሳ ብዛት ነፍስ ያላት የምትመስል ጭራ፣ መሀሏ ተሰርጉዶ፣ ቀለሟ ተሰነጣጥቆ አሉሚኒየሙ ይታያል። እናቷ ተከትላት መጥታ መዳፏን እዚያው ላይ አሳረፈች።

«አውቀሽ ነው?»

«አባዬም ይፈልግ ነበር እማዬ። ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ይፈልግ ይሆናል» አለች እናቷ። «እሱ ቢሆን ግን ጭራዋን ወደ ግንብ አዙሮ አይሰጠውም ነበር።» ወደ ቤት ገባች።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተንኳኳ። የአባቷ ጋራዥ ሰዎች ናቸው፤ ሥራ ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ተሰብስበው የመጡ ሽማግሌ ላሜራ ሠሪዎች። የሆነውን አልሰሙም። አንዲት ዝንፍ ያለች ቦታ ከሩቅ የሚለዩ ዓይኖች ናቸው። ከፊት ያሉት አዛውንት መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ሸራዋን ገፈፋችሁላት! እስቲ ልጄ፣ ያችን ጭራ ልያት። አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳብሳት አይደል እንዴ ስንስቅበት የኖርነው።»

አስራ ሦስት ቶሎ ብላ ዞረችና ጀርባዋን የተሰረጎደው ቦታ ላይ አሳረፈች። ስፋቱ ልክ የጀርባዋን ያህል ነው። የብረቱ ጠርዝ በቀሚሷ አልፎ ይወጋታል።

«ነገ ያዩዋታል ጋሼ» አለች። «ዛሬ አረፍ በሉ።»

አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉላት። በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውንም። የመጨረሻው ሰው ወንበር ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ጀርባዋን ከዚያ አላነሳችም።