ሴላኒ ወንዙን መልሳ የተሻገረች ዕለት

ሴላኒ ከቺሊ ተነስታ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ ልጇን አዝላ ያቋረጠች ሃይቲያዊት ናት። ስለዚህ ቴክሳስ ዳርቻ፣ ድልድይ ሥር፣ በሸምበቆ ዳስ መሰንበት አላስፈራትም። ያስፈራት ስደተኞችን ወደ ሃይቲ የሚመልሰው አውሮፕላን ነው። የጎረቤት ዳስ ሰዎች አውቶቡስ ላይ ተጭነው ሄደው፣ በማግስቱ ከሃይቲ ዋና ከተማ ከፖርት ኦ ፕሪንስ ደወሉ።

ያን ቀን ጠዋት ዳቦና ውሃ ልትገዛ ድንበሩን ወንዝ ወደ ሜክሲኮ ተሻገረች። ስትመለስ ፈረሰኛ ፖሊሶች ዋናውን መሻገሪያ ዘግተውታል። ገመድ የተወጠረበት የታችኛው በኩል ብቻ ቀርቷል። ባሏ ፍሪትዝነር እዚያ ማዶ፣ በቴክሳስ በኩል፣ ልጃቸውን ዊድሊንን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ቶሎ ነይ! ይሄንንም ሳይዘጉት!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ና!»

«አበድሽ እንዴ? ስንት አገር አቆራርጠን እዚህ ደርሰን?»

«አዎ፣ አብጃለሁ! ልጄን ለአውሮፕላን አልሰጥም!»

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት የአገሯ ሴቶች ሳቁ። አሮጊቷ እትዬ ኤሊዝሜን ቀና ብለው፣ «ፍሪትዝነር፣ ሚስትህን ስማ! ወንድነትህን ውሃ አይወስደውም!» አሉት።

እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሴላኒ የገዛችውን ዳቦና ውሃ ለአሮጊቷ ሰጥታ ውሃው ውስጥ ገባች። ዋና አታውቅም። ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ገመዱን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች ተሻገረች። ማዶ እንደወጣች ልጇን ከትከሻው ላይ አወረደችና አንገቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«የኔ እናት፣ ፀጉሬን አጥብቀሽ ያዢ» አለቻት። ወደ ባሏም ዞራ፣ «እኔ መንገዴን አውቄያለሁ። ከመጣህ ና» አለችው።

ተመልሳ ወንዙ መሃል ስትደርስ ከኋላዋ ውሃው ተንቦጫረቀ። ፍሪትዝነር እየተራገመ ይከተላታል። ዘወር ብላ አላየችውም፤ ውስጧ ግን እፎይ አለ።

የሜክሲኮዋ ከተማ ሞንቴሬ እስኪደርሱ ድረስ አላናገራትም። እዚያም እሱ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ እያቦካ፣ እሷ ገበያ ውስጥ ሹሩባ እየሠራች ኩርፊያው ከረመ።

የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠይቁ የሄዱ ዕለት ታዲያ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው፣ «እስከ መቼ ልትቆዩ አስባችኋል?» አላቸው። ሴላኒ አፏን ከመክፈቷ በፊት ፍሪትዝነር ቀደማት።

«ልጃችን ትምህርት እስክትጨርስ ነዋ» አለ፤ «ገና አንደኛ ክፍል ናት።»