ግንባሯ አይተኩስም ነበር

«እኔስ ዱሮም ብያለሁ፤ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ፕላስቲክ ምን ሊሠራ ይገባል?» አለች ትርንጎ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። ትርንጎ የሟቿ አባት፣ የክፍሉ፣ ታላቅ እህት ናት፤ ስታንሾካሹክ ከድንኳኑ ማዶ ይሰማል። የክፍሉ ሚስት ጥሩወርቅ ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ማህደር ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ለገሀሬ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ነው። ከጎረቤት የመጣው ቬንትሌተር ሙቀቱን ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው ከማሸጋገር ያለፈ ሥራ አልነበረውም። አፎቻ የሚሉት የሰፈሩ ዕድር ሴቶች ንፍሮ ሲያዞሩ ትርንጎ ወሬዋን የያዘችው ከፋርቱን ጋር ነበር። ፋርቱን ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት፤ ጭኗ ላይ የአራት ወር ልጇ አብዱላሂ ተኝቷል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ በልጧል፤ ዓይኖቹ ወደ ታች ተስበዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ስለተጠራቀመ ቀጭን ቱቦ በቆዳው ሥር ወደ ሆዱ ተዘርግቶለት ውሃው እንዲፈስ ታስቦ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀጠሮ ያገኘው ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ ነው። ማህደርም በሕፃንነቷ የተሠራላት ይኸው ነበር።

«ቀርቷል» አለች ፋርቱን። «ፋራህ እንቢ አለ። የማህደርን ሬሳ ተሸክሜ መጥቼ ልጄን እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ ይላል። እኔስ ምን ብዬ ልከራከረው?»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች ትርንጎ።

ጥሩወርቅ ቀና ብላ ሕፃኑን አየችው። የልጁ ጭንቅላት ማደግ ሲጀምር ፋርቱን በሻርፕ ሸፍና ከሰው ዓይን ስትደብቀው፣ ማንም ሳይልካት ሄዳ ሻርፑን የገለጠችው ማህደር ነበረች። የፋርቱንን ጣት ይዛ ከራሷ ጆሮ ኋላ ያለችውን እብጠት አስነካቻት። እኔም አለኝ፣ ሂሳብ ላይ ግን የሚደርስብኝ የለም አለቻት። ውሸቷን ነው፤ ሂሳብ ላይ እንኳ ድክም ያለች ነበረች። ትምህርት ቤት አንገቷ ላይ የሚታየውን ቱቦ ለመንካት የሚፈልግ ሁሉ አንድ ከረሜላ ያመጣ ነበር። አስተማሪዋ እናቷን አስጠርታ ስትከሳት፣ አንገቱ የኔ አይደል ወይ ብላ ሁለቱንም አሳቀቻቸው።

ጥሩወርቅ ሳቋን ስታስታውስ ማህደር የታመመችበት ማክሰኞ መጣባት። ከማክሰኞ መሸሻ አልነበራትም።

ያን ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት ይዞት ነበር። ክፍሉ ራሱ ሳምንት ተኝቶ ገና መነሳቱ ነው። ስለዚህ ማህደር ጠዋት ራሴን ብላ ስታስታውክ ማንም አልደነገጠም። ሐኪሙ ግን ቱቦውን ካስገባላት ቀን ጀምሮ በየቀጠሮው ጥሩወርቅን ያስጠነቅቃት ነበር፤ ራሷን ካመማት፣ ካስታወካት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ቱቦው ተዘግቶ ይሆናልና በዚያው ሰዓት ይዘሻት ነይ፣ ይቀየራል ይላታል። ከሁለት ዓመት በፊትም ይዛት በርራ ነበር። አሥር ቀን አዲስ አበባ ከርመው ጉንፋን ነው ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ስሟ «አምቡላንሷ» ሆኖ ቀረ፤ ክፍሉም አብሮ ይስቅ ነበር። ቀልድ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። እሷ ግን ማክሰኞ ዕለት ያንን ስም ፈራች።

እጇን የልጇ ግንባር ላይ ስታሳርፍ አይተኩስም። ዴንጊ ያቃጥላል፣ ይህንን ክፍሉ ላይ አይታዋለች። ቢሆንም በርዶላት ነው ብላ ራሷን አታለለች። ክፍሉ ቀን ፈረቃ ላይ ሆኖ ደወለና ትኩሳት አላት ወይ ብሎ ጠየቃት። «አላት፣ እንዳንተው ነው» አለችው። መጋረጃውን ዘግታ ትተኛ ብላ ተወቻት። አመሻሹ ላይ ብትጠራት፣ ብትወዘውዛት አልነቃችም።

ያንን ግንባር ከእሷ በቀር የነካ አልነበረም። ለቀስተኛው ግማሹ ዴንጊ ነው ይላል፣ ግማሹ ቱቦው ነው ይላል፤ እናቷ ናት ያለ ሰው የለም። ጥሩወርቅም እውነቱን ደበቀች። ልጇን አጥታለች፤ ክፍሉ ይህን ከሰማ እሱንም እንደምታጣው አልተጠራጠረችም።

ፋርቱን ልጇን ጠቅልላ ለመሄድ ተነሳች።

«ፋርቱን፣ ተቀመጪ» አለች ጥሩወርቅ።

ሦስት ቀን ከልቅሶ በቀር ድምፅ አልወጣትም ነበርና የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቱቦው አይደለም የገደላት። ቱቦው አሥራ አንድ ዓመት አኑሮልኛል። ተዘጋ፣ እኔም ምልክቱን አውቀው ነበር። ራሴን አለችኝ፣ አስታወከች፣ እንቅልፍ ጣላት። ግንባሯ አይተኩስም ነበር። ለአባቷ ግን ይተኩሳል አልኩት። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው ልጄን ያስተኛኋት። ልጅሽን ውሰጂው።»

ክፍሉ ከወንዶቹ መካከል ተነሳ። እንደማያውቃት ሰው ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ከድንኳኑ ወጣ። የተከተለው የለም። ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ፋርቱን አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ብላ እንኳ ሳታጽናናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሄደች። ጥሩወርቅ አንዱንም አላተረፍኩም ብላ አሰበች፤ የፋርቱንን ልጅም አላዳንኩ፣ ባሌንም አላስቀረሁ።

ክፍሉ ያደረው ቤተክርስቲያን ግቢ ነው። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ጀርባውን ሰጥቷት የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ብታቀርብለት ከእጇ አልተቀበለም። እሷም ደግማ አልሞከረችም።

ረፋዱ ላይ ፋርቱን መጣች። ባሏ ፋራህ ሻንጣ ይዞ ደጅ ቀረ፤ ለክፍሉ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው። ፋርቱን ክፍሉን አልፋ ገብታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«መሄዳችን ነው» አለች። «ወላሂ ሌሊቱን ሙሉ ስንጣላ አደርን። ግን እሺ አለኝ። የማህደር እናት፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ እንዴት ነው የማስተኛው? ሐኪሞቹ ቢነግሩኝም በአማርኛ ፈጥነው ሲያወሩ ያመልጠኛል።»

ጥሩወርቅ ልጁን ተቀብላ ፍራሹ ላይ አስተኛችው። «ቱቦው በገባበት ጎን አታስተኚውም። በወዲያኛው፣ እንዲህ። ቁስሉ እስኪድን አንድ ሳምንት...»

«ሁለት ሳምንት ነው» አለ ክፍሉ ከደፉ።

ከትናንት ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ፊቱን አላዞረም። ሁለት ሳምንት ነው ያሉን፣ ተራ በተራ ነበር የምንጠብቃት አለ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። ቆይቶ ተነሳና ገባ፤ ከፍራሹ በወዲያኛው በኩል በጉልበቱ ቁጭ አለ። ሚስቱን አላያትም።

የአብዱላሂ ጭንቅላት ለትንሽ አንገቱ ከብዶት ወደ ጎን ይንሸራተት ጀመር። ክፍሉ መዳፉን ከሥሩ አስገባ። የጥሩወርቅ እጅ ቀድሞ እዚያ ነበር። ሊያወጣ ሲል ተወው፤ ሁለቱም ሕፃኑን እንደደገፉ ፋርቱን ልጇን ለማንሳት እጇን እስክትዘረጋ ድረስ ቆዩ።