ከዚራን ያየችው ልጅ

አረፋ ሲደርስ የሀቢባ እናት እንደየዓመቱ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ስልጤ ወረዱ። አባቷ ጋሽ ካሊድ ግን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ገርጂ ቀሩ። ወንድሟ ሀሩንም ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አላገኘም። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን እሁድ ቀን አዲሷን ሚስቱን ነጃትን አስከትሎ፣ ምሳ ቋጥሮ አባቱ ቤት መጣ። ሀቢባም ከምትኖርበት ከሃያ ሁለት ሰፈር መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ናት። ምሳ በልታ፣ ትንሽ ተጫውታ ለመመለስ ነበር ያሰበችው።

ምሳው ካለቀ በኋላ ግን ዝናቡ ጣለ። የገርጂ የክረምት ዝናብ ሲጀምር ሰው ከቤት አያስወጣም። ጋሽ ካሊድ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ ሙስበሓቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ በጣታቸው እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ቀሩ።

ነጃት ዝምታ የማይሆንላት ሴት ናት። ሕፃናት ስለምታስተምር ይሁን ተፈጥሮዋ ሆኖ፣ ሰው ዝም ካለ ጥያቄ ታመጣለች።

«እሺ፣ ልጅ ሆናችሁ በጣም ኩም ያላችሁበትን ቀን ንገሩኝ» አለች። «የቤቱን ሰው የማውቀው እንደሱ ነው።»

ሀሩን አላንገራገረም። ጅዳ የሚኖረው አጎታቸው ለእረፍት በመጣ ጊዜ ጫማ ሊልክለት ቃል ገብቶ፣ እግሩን ወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሮለት ነበር። ወረቀቱ ጅዳ ሄደ። ጫማው የመጣው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሀሩን ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ ነጭ፣ ተረከዙ ላይ መብራት የሚበራ ጫማ።

«አውራ ጣቴ ብቻ ነው የገባው» አለ። «ማን እንዳደረገው ጠይቂያት።»

«እኔ ነኛ» አለች ሀቢባ። «መብራቱ እስኪሞት አደረግኩት።»

ነጃት ከት ብላ ሳቀች። «አንቺስ?»

«እኔ እንኳን ...» ብላ ጀመረች ሀቢባ፤ ሀሩን ግን አላስጨረሳትም።

«የአውሮፕላኑን ንገሪያት!»

ሀቢባ አባቷን ዞር ብላ አየች። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው፤ ሙስበሓውም አይንቀሳቀስም። ይህንን ታሪክ ለብዙ ሰው ተናግራዋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ክሊኒክ ውስጥ ከነርሶቹ ጋር። እየተናገረችው እየለሰለሰ ሄዶ፣ በሌላ ልጅ ላይ የደረሰ ይመስላት ጀምሯል። አባቷ ባሉበት ግን ተናግራው አታውቅም። ተኝተዋል ብላ ጀመረች።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ጋሽ ካሊድ እዚያው ገርጂ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ በሰው ተጨናንቆባቸው አገኘቻቸው። ሁለተኛ መውጣቷን ነገረቻቸው። አንዱን ደንበኛ እያስተናገዱ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ፣

«በሚቀጥለው አንደኛ ከወጣሽ በቃ፣ አውሮፕላን!» አሏት።

«አውሮፕላን?»

«አውሮፕላን!»

«ወላሂ?»

«ወላሂ አልኩሽ!»

ከዚያ በላይ የተባለ ነገር የለም። ሀቢባም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ ቃሉ የሚታጠፍባት መስሏት ነበር። አውሮፕላኑ የት እንደሚሄድ ስላልተነገራት ራሷ መረጠች። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ አየችና ድሬዳዋን ወሰነች። ምክንያት አልነበራትም። ስሙ ሲጠራ ደስ ይል ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ያን መንፈቅ እንደዚያ ያጠናችበት ጊዜ በሕይወቷ የለም። ሕክምና ስትማር እንኳን እንደዚያ አላጠናችም። ወንበር ለምትጋራት ጓደኛዋ ለብርኽቲ ነገረች፤ ብርኽቲ ደግሞ ለክፍሉ ነገረች። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ አንደኛ ወጣች። ልጆቹ ሲሰነባበቱ አንዳንዶቹ «ከመስኮት ስታዪን እጅሽን አውለብልቢልን» አሏት፤ እሷም ቃል ገባች።

የመሄጃው ቀን ቅዳሜ ነበር። እናቷ የትኛውን ቀሚስ እንደምትለብስ ሲጠይቋት፣ ሀቢባ ሌሎቹን ሦስቱን አጣጥፋ የሀሩን የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ከታ ነበር። የጥርስ ብሩሽም ጨምራለች። አባቷ በር ላይ ቦርሳውን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሴ ነው።»

ጋሽ ካሊድ የተተኮሰውን ቀሚሷን አይተው ሳቁ። ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረዱና ራሳቸው ያዙት። በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ሄዱ። ቦሌ ሲደርሱ ግን ሰው በሻንጣ ወደሚገባበት በር አልሄዱም። ወረድ ብለው፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ሣር ያለበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወሰዷት። ሌሎች ሰዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሴት በሳፋ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ከሽቦው ማዶ ሜዳው ይታያል፤ ሜዳው ላይ አውሮፕላኖች ቆመዋል።

«ይኸውልሽ!» አሉ ጋሽ ካሊድ።

ሀቢባ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቁ መስሏት ተቀመጠች። አንድ አውሮፕላን አረፈ። አንድ ተነሳ። አባቷ እያንዳንዱን በጣታቸው እያሳዩ የትኛው የጭነት እንደሆነ፣ የትኛው ከሩቅ አገር እንደመጣ፣ ጎማው እንዴት ወደ ሆዱ እንደሚሰበሰብ ይነግሯት ነበር። ሳምቡሳ ገዙላት፤ ሚሪንዳ ገዙላት፤ ደግመው ሳምቡሳ ገዙላት። ፀሐዩ እየበረደ ሲመጣ ተነሡና ሣሩን ከሱሪያቸው አራገፉ።

«እንሂድ በይ» አሉ።

«ወደየት?»

«ወደ ቤት ነዋ።»

አላለቀሰችም። ያኔ ነገሩ ገባት። ሚሪንዳው ገና አላለቀም ነበር፤ እስኪያልቅ ጠጣችና ጠርሙሱን ለሴትየዋ መለሰች።

«ከዚያ የባሰው ገና ነበር» አለች ሀቢባ ለነጃት። «ለልጆቹ ድሬዳዋ እሄዳለሁ ብያለሁ እኮ!»

ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ብርኽቲ መጥታ በሩን ስታንኳኳ አልጋ ሥር ገባች፤ እናቷ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «የለችም» ብለው መለሱላት። ሀሩን ግን ገብቶታል፤ ዝም ለማለት የድርሻዋን ከረሜላ ሁሉ ተቀበላት። በስምንተኛው ቀን ቀሚሷን ለብሳ ወጣችና ድሬዳዋ ሙቀቱ አይጣል፣ ግመሉ በመንገድ ላይ እንደ ሰው ነው የሚሄደው፣ ባቡር አለ እያለች ከመጽሐፍ ያነበበችውን አወራች። ሁሉም አመኗት። ክረምቱ በሰላም አለፈ።

መስከረም ላይ አዲስ ልጅ መጣ። ሊባን ይባላል፤ ፀጉሩ ከርዳዳ፣ ድምፁ ወፍራም ልጅ ነው። የአባቱ ሥራ ተቀይሮ ነው ከድሬዳዋ የመጡት። ብርኽቲ ይህን እንደሰማች እጁን ይዛ ጎትታ አመጣችው።

«እሷም ድሬዳዋ ሄዳለች! በአውሮፕላን!»

ሊባን ደስ አለው። አዲስ ከተማ ውስጥ አገሩን የሚያውቅ ሰው ማግኘቱ ነበር።

«ከዚራን አየሽ?» አላት።

ሀቢባ ከዚራ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ልጆቹ ከበዋታል። ብታስበው፣ ብታስበው እንስሳ መሰላት።

«አየሁት» አለች። «እንዴት ትልቅ ነው!»

«ነው እንዴ?» አለ ሊባን። «ፈራሽው?»

«መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን ሣር አበላሁት።»

ነጃት ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ሀሩን እንኳን፣ ስንት ጊዜ የሰማው ሀሩን፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ከዚራ ሰፈር ነው እኮ!» አለ። «ዛፍ በዛፍ የሆነ ሰፈር!»

«እስከ ስምንተኛ ክፍል ስሜ ከዚራ ነበር» አለች ሀቢባ። «ሊባን በዓመቱ አገሩ ተመለሰ፤ ስሙን ግን ለኔ ትቶልኝ ሄደ።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ነው የምትጨርሰው፤ ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። አባቷን ወቅሳ አታውቅም። የሚወቀስ ሰው አልነበረበትም፤ እሳቸው አንድ ነገር አሉ፣ እሷ ሌላ ነገር ሰማች። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት ለሥልጠና ናይሮቢ ስትላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈረች። ሌሊቱን ተረኛ ስለነበረች ቀበቶዋን እንዳሰረች እንቅልፍ ወሰዳት፤ የነቃችው ሲያርፉ ነው። ያንንም ስታወራ በሳቅ ነበር።

«ቦርሳውን ሳየው ገብቶኛል» አሉ ጋሽ ካሊድ።

ሦስቱም ዞሩ። ዓይናቸውን አልገለጡም ነበር።

«አባ፣ አልተኙም እንዴ?» አለ ሀሩን።

«እንዲህ እየሳቃችሁ ማን ይተኛል?» ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ። «ቦርሳውን በር ላይ ሳየው ነው የገባኝ።»

ሀቢባ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። «ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ሳይነግሩኝ?» አለች።

«ምን ልበልሽ? ቀሚስሽ ተተኩሷል። ጥርስ ብሩሽ ይዘሻል። መገናኛ ስንደርስ ልመልስሽ አስቤ ነበር። ከዚያ፣ ግድ የለም፣ ስታየው ትረሳዋለች አልኩ።»

«እንዴት እረሳዋለሁ?»

«እኔ እወደው ነበራ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ከአገር ቤት የመጣሁ ጊዜ ሰው አላውቅም። መርካቶ ሰው ሱቅ ነበር የምሠራው። ጁምዓ ከሰገድኩ በኋላ ቦሌ ድረስ በእግሬ እሄድና እዚያ ሣር ላይ እቀመጣለሁ። ሲነሳ ሲያርፍ አያለሁ። ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። ሚስት ሳገባም እናትሽን ወስጃታለሁ። አንቺንም አንደኛ ስትወጪ ልወስድሽ ነው ያሰብኩት። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላውቅም ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ነጃት ጥያቄዋ እዚህ ያደርሳል ብላ ስላላሰበች ሻርፗን እያስተካከለች ሀሩንን አየችው።

«አንቺ ግን» አሉ ጋሽ ካሊድ፣ «ባልዲ የምታዪ ያህል ነው ያየሽው።»

ሀቢባ የዚያን ቀን የአባቷን ፊት ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም። ሽቦው ይታያታል፣ ሳፋው ይታያታል፣ ጣታቸው ይታያታል፤ ፊታቸው ግን የለም። ከጎኗ ሙሉ ከሰዓት የተቀመጠውን ሰው አላየችውም ነበር። ይህ ገረማት እንጂ አላሳዘናትም። የሌላ ሐኪም ታካሚ ራጅ ሲያሳዩዋት እንደምታደርገው፣ ነገሩን ጠጋ ብላ አየችው።

«ለዚያ ነው ሳምቡሳውን የደጋገሙልኝ?»

«ሌላ ምን ላድርግ?» አሉ። «ሴትየዋ የያዘችው ሳምቡሳ ብቻ ነው።»

ሀሩን ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ አቃተው። ጋሽ ካሊድም አብረውት ፈገግ አሉ። ቀጥለው፣ ለብዙ ዓመት ሲያስቡት እንደኖሩ ነገር፣

«ድሬዳዋን ግን ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ድሬዳዋ የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።»

«ከካርታ ላይ።»

«እኔ ብሆን ጅማን ነበር የምመርጠው። አረንጓዴ ነው ይላሉ።»

ነጃት ደፈር አለች። «ጋሽ ካሊድ፣ እርስዎስ ከዚያ በኋላ ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«ሐጅ የሄድኩ ጊዜ ነዋ።»

«እንዴት ነበር?»

ጋሽ ካሊድ ሙስበሓቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። መዋሸት እንዳይሆንባቸው የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር።

«መሐል ላይ አስቀመጡኝ» አሉ። «በግራም ሰው፣ በቀኝም ሰው። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ መጋረጃውን ዘግቶ ተኛ። ክፈተው ማለት አፈርኩ። ስንነሳም አላየሁ፣ ስናርፍም አላየሁ። ስንመለስም እንደዚያው።» ከሙስበሓቸው አንድ ፍሬ ገፉ። «ከውጭ ነው የሚያምረው።»

ሁሉም አንድ ላይ ሳቁ፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ሀቢባ የሆነ ነገር ማለት እንደሚገባት ተሰማት፤ ይቅርታ ይሁን ምስጋና ለይታ አላወቀችውም። ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ ወጥ ቤት አስገብታ አጠበች፤ ስትመለስ ዝናቡ አባርቷል። ስልኳን አነሣች፤ ቦርሳዋን ያዘች።

«ቆይ እንጂ» አላት ሀሩን። «ይቺ ሁላችንንም አናዝዛ የራሷን አልነገረችንም።»

«የኔ ረጅም ነው» አለች ነጃት።

«ምን ቸኮልን?» አሉ ጋሽ ካሊድ፤ ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ለሀቢባ ቦታ ለቀቁላት።

ሀቢባ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ነጃት ስለ አንዲት ሠርግ፣ ሚዜ ትሆኛለሽ ተብላ ስለተሰፋላት ሮዝ ቀሚስና ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ስለተሰረዘበት ምክንያት ማውራት ጀመረች። በየመሐሉ ሌላ ሰው ስለምታስገባ ታሪኩ ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም፤ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሙሽራው ገና ታሪኩ ውስጥ አልገባም ነበር።