በአመድ የታጠቡት ዓሦች

የሻረግ ሦስተኛውን ዓሣ ከገንዳው አውጥታ ሣሩ ላይ አስተኛችው። ሞቷል። ጎኑ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። ገንዳው ውስጥ አራት ቀርተዋል፤ ሦስቱ ያንኑ ነጭ ለብሰው ከውሃው አፍ ላይ ያለከልካሉ። አንዱ ብቻ ከታች እንደ ወትሮው ይዋኛል።

"አባባ ዲሪባ! ኧረ ይድረሱልኝ!"

አትክልተኛው ዶማውን ጥሎ መጣ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያረጀ ሰው ነው፤ ካዛንቺስ የመጣው ለጣሊያን ሹማምንት የተሠሩት አዳዲስ ቤቶች አትክልተኛ ሲፈልጉ ነው። የሞተውን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ዝልግልጉ ጠፍቷል እኮ። ምን አደረግሽው?"

"ምንም። ሰኞ ዕለት አጠብኳቸው እንጂ።"

"ዓሣ አጠብሽ?"

"ሲኞሩ 'ሚስቴ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ገንዳው ይጽዳ' አለኝ። ሳጸዳ እነሱንም ዝልግልግ ብለው አገኘኋቸው። አንድ በአንድ እያወጣሁ በአመድና በጨርቅ ፈተግኳቸው። ያ የታችኛው ብቻ እያመለጠ አስቸገረኝና ተውኩት።"

ዲሪባ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

"ቆሻሻ መስሎሽ ነው፣ ልጄ። ዝልግልጉ አጥሩ ነው። ትልም በሽታም ሊጣበቅበት ሲል ያንሸራትተዋል። ያረፈበትን ይዞ ይወርዳል፤ ዓሣው ከሥር ሌላ ያወጣል። እኛ ትንንሾቹን መልሰን ስንለቅ እንኳ እጃችንን አርሰን ነው የምንይዛቸው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። አንቺ ደግሞ በአመድ!"

"እነዚህስ መልሰው አያወጡም?"

"ሻጋታው ቀደማቸው። ያን አንዱን ግን ለይተሽ ሌላ ውሃ ውስጥ ብታደርጊው ይተርፍ ይሆናል።"

የሻረግ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሏ ወልደአረጋይ ከታሰረ አምስት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ከእስር የተፈታ ሰው "ደም ያስለዋል" ብሏታል። ሲኞሩ ዛሬ የእስር ቤት መግቢያ ወረቀት ሊሰጣት ቃል ገብቶላታል፤ በሕይወት እያለ እንድታየው።

"በእኔ አሳብቢው" አለ ዲሪባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "'ሽማግሌው ነው የነካካቸው' በይ። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው የለ።"

"ይገርፉዎታል።"

"ጀርባዬ ለምዶታል።"

ሲኞሩ ከአስተርጓሚው ከፀሃዬ ጋር መጣ። ሣሩ ላይ የተጋደሙትን አየና ብዙ ጮኸ። ፀሃዬ አሳጠረው፦

"ማን ገደላቸው ነው የሚለው። አንቺ ነሽ ወይስ ሽማግሌው?"

ወረቀቱ ከሲኞሩ የደረት ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። ዲሪባ ባርኔጣውን አውልቆ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቷል፤ የሸሚዙ ጀርባ አልቆ ሥጋው ይታያል።

"እኔ ነኝ" አለች የሻረግ። "ይጽዱ ብዬ ነው።"

ፀሃዬ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ ይህንኑ ልንገረው?"

"ንገረው።"

ሲኞሩ ወረቀቱን አወጣ። አራት ቦታ ቀደደና ገንዳው ላይ በተነው። የሚለውን ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

"ዓሦቹን ሁሉ ደፍተሽ ዛሬውኑ ውጪ ብሏል" አለ ፀሃዬ፤ አላያትም። ተከትሎት ሄደ።

ቁርጥራጮቹ ከነጫጮቹ ዓሦች መሐል ተንሳፈፉ። አንዱ ላይ ግማሽ ማኅተም ነበር። የሻረግ እጇን አልዘረጋችለትም። ከቧንቧው ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀዳች። ሁለት እጆቿን እስከ ክርኗ ነክራ ቆየች፤ ከዚያ ለታችኛው ዓሣ ጎንበስ አለች።