ምን ገድዬ ልፎክር?

ወንድሜ ይሄይስ ቡሬ ላይ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ እግሩ ተሰበረ። የጣሊያኑ ሐኪም ሕመሙን በሞርፊን መርፌ እያደነዘዘ አከመው። ማንኩሳ ቤታችን ሲመለስ አጥንቱ ገጥሟል፤ መርፌው ግን አልለቀቀውም። እየተንቀጠቀጠ "ባንቺአየሁ፣ ቡሬ ውሰጂኝና ይውጉኝ" ይለኛል። እኔ ደግሞ በንዴት እጨሳለሁ። በጠላት ደጅ ቆሞ መርፌ ሊለምን!

ወጌሻዋ እትዬ ሸጋዬ በየቀኑ እየመጡ እግሩን በሞቀ ቅቤ ያሹታል። ባለቀሰ ቁጥር "ፎክር!" ይሉታል።

"ምን ገድዬ ልፎክር፣ እትዬ?"

"ሕመምህን ገድለህ!"

አንድ ጠዋት ሲያሹት እውነትም "ዘራፍ!" ብሎ ተነሣ። ቤቱ ተናጋ። ጎረቤቱ ሁሉ ጣሊያን የለቀቀ መስሎት ከበሮ ይዞ፣ እልል እያለ ግቢያችንን ሞላው። ይሄይስ ምርኩዙን እንደ ጦር እየሰበቀ በአንድ እግሩ ሲዘል፣ እኔም ንዴቴን ረስቼ እስክስታ ወረድሁ።

ሲደክመን አንድ ሽማግሌ "ለመሆኑ ጣሊያን የለቀቀው ቡሬን ነው ደንበጫን?" ብለው ጠየቁ።

ይሄይስ ላቡን እየጠረገ ሳቀ።

"እኔን ነው፣ አባቴ!"